ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው ሕፃን፦ የወላጆች፣ የአብነት መምህራንና የንስሐ አባቶች ድርሻ

(በግሼ ራቤል ወረዳ፣ በራቤል ከተማ ለንስሐ አባቶች፣ ለአብነት መምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በዐውደ ምሕረት ቀርቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ እንኳ እምብዛም አይነሣም። ስለ ምንጭ ጥበቃ፣ ስለ እርከን፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ሥራ በተሰበሰብን ጊዜ ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንናገራለን። ሌሊት በመኝታው ላይ ሽንት ስለሚያመልጠው ሕፃን ግን የሚነገረው ስብሰባው ከተበተነ በኋላ፣ እናት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ በሹክሹክታ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን በ1964 ዓ.ም. ስታቋቁም ሥራው ከሰው ሙሉ ሕይወት ጋር እንዲገናኝ አስባ ነውና፣ በሹክሹክታ የሚነገረውንም በአደባባይ ልናነሣው ይገባናል።

ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በየመንደሩ የሚያደርሰውን ጉዳት እናስብ። የአብነት ትምህርት ለመማር ልቡ የተነሣሣ ልጅ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ጎጆ ማደርን ፈርቶ ይቀራል። ለትምህርት ወደ ራቤል፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት የተላከች ልጅ፣ ሁለት ሦስት ሌሊት መኝታዋን ስላረጠበች ብቻ ወደ መጣችበት ትመለሳለች፤ ከትምህርቷም ትለያለች። በቤትም ቢሆን በየጠዋቱ የሚገረፍ፣ «ሽንታም» እየተባለ በወንድሞቹና በእኅቶቹ ፊት የሚዋረድ ሕፃን አለ። ሽንቱ ከጊዜ በኋላ ይቆማል፤ ስድቡ ግን ከልጁ ጋር ያድጋል። ለመነጋገር ያስፈለገንም ስለዚህ ነው።

የአካል እድገት እንጂ የምግባር ጉድለት አይደለም

አስቀድመን ነገሩ ከወዴት እንደሚመጣ እንመልከት። ኩላሊት ደምን እያጣራ ሽንትን ያመነጫል፤ ሽንቱም የሽንት ፊኛ በምንለው ከረጢት ይጠራቀማል። ፊኛው ሲሞላ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል። ነቅቶ ያለ ሰው መልእክቱን ተቀብሎ ይነሣል፤ የተኛ ሰውም ወይ ይነቃል፣ ወይም አንጎሉ ፊኛውን «ቆይ» ብሎ ይይዘዋል። ከዚህም ሌላ ሌሊት ከአንጎል ሥር የሚመነጭ ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ኩላሊት ሽንትን እንዲቀንስ ያዝዛል። አዋቂ ሰው ሳይነሣ ማደር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሕፃን ዘንድ እነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም የፊኛው መጠን፣ የሌሊቱ ሆርሞንና ከእንቅልፍ የመንቃት ችሎታ፣ በአንድ ቀን አይበስሉም። አንዱ ልጅ በሦስት ዓመቱ ይበስልለታል፤ ሌላው በስድስት፣ ሌላው በስምንት። ጥርስ ማብቀልና መራመድ ከልጅ ልጅ እንደሚለያይ ሁሉ ይህም ይለያያል። የስድስት ዓመት ልጅ ፊኛ የሚይዘው ወደ 210 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ገደማ ነው። የሌሊቱ ሆርሞን ገና ባልበረታበት ልጅ ዘንድ ኩላሊቱ ከዚህ በላይ ቢያመነጭና ልጁም እንቅልፉ ከባድ ቢሆን፣ ሽንቱ ማምለጡ የግድ ነው። ልጁ በዚያች ሰዓት አያውቅም፣ አልፈቀደምም። ካልታወቀና ካልተፈቀደ ነገር ላይ ደግሞ ጥፋት አይፈለግም።

በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ አምስት ዓመት ከሞላቸው ልጆች ከመቶ 15 ያህሉ፣ ሰባት ዓመት ከሞላቸው ከመቶ እስከ 10፣ ዐሥር ዓመት ከሞላቸውም ከመቶ 5 ያህሉ ሌሊት ሽንት ያመልጣቸዋል። ይህን ወደ እኛ ብናመጣው፣ ዕድሜያቸው ሰባት የሆነ 50 ልጆች ባሉበት አንድ ክፍል ውስጥ እስከ አምስት የሚደርሱት ጠዋት መኝታቸው ረጥቦ የተነሡ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ልጁ ግን ከዓለም ሁሉ እርሱ ብቻ ይመስለዋል፤ እናቱም ይህ በእርሷ ቤት ብቻ የወረደ ይመስላታል። ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ይበዛባቸዋል።

ነገሩ በዘርም ይተላለፋል። በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዴንማርክ የተደረገ ጥናት ከዚህ ጋር የተያያዘ የዘር ምልክት በአንዳንድ ቤተሰቦች አግኝቷል። ሁለቱም ወላጆች በልጅነታቸው ሽንት ያመልጣቸው ከነበረ ከአራት ልጆቻቸው ሦስቱ፣ አንዱ ወላጅ ብቻ ከነበረበትም ከዐሥር ልጆች አራት ያህሉ ይህ ሊገጥማቸው ይችላል። ስለዚህ ልጁን ለመግረፍ ዱላ የሚያነሣ አባት፣ አስቀድሞ የገዛ እናቱን «እኔስ በልጅነቴ እንዴት ነበርሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። አያቶች ብዙ ምስጢር ያውቃሉ።

በአገራችን «በእሳት የተጫወተ ልጅ ሌሊት ይሸናል» ይባላል። ይህ ልጆችን ከምድጃ ለማራቅ የተነገረ መልካም ማስፈራሪያ ነው፤ ለሽንቱ ግን ምክንያት አይደለም። መኝታውን ያረጠበውን ልጅ «በእሳት ተጫውተህ ነው» ብሎ መክሰስ ያልሠራውን ሥራ እንዲናዘዝ ማስገደድ ይሆናል። እንዲሁም ነገሩን ወዲያው ለክፉ መንፈስ መስጠት፣ ወይም «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ማለት፣ አካሉ ገና ላልበሰለ ሕፃን የማይገባ ፍርድ ነው።

ቅጣት ለምን አይረዳም?

በአንዳንድ ቤት ልጁ በዱላ ይመታል፤ በአንዳንዱ በሳማ ይለበለባል፤ በበርበሬ ጢስ የሚታጠንም አለ። የረጠበውን ልብስ ተሸክሞ በሰው ፊት እንዲቆም ማድረግም ያው ግርፋት ነው። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ከጭካኔ ላይሆን ይችላል፤ በደጋው ብርድ፣ ውሃ ከሩቅ ምንጭ በሚቀዳበት አገር፣ በየጠዋቱ ዝተትና ጋቢ የምታጥብ እናት ድካሟ ከባድ ነው። ድካሟን አንንቅም። ነገር ግን ቅጣቱ ሥራ አይሠራም። ሽንቱ የሚያመልጠው በእንቅልፍ ነው፤ ዱላው የሚደርሰው በንቃት ነው። የተኛ አካል ከዱላ አይማርም።

ከዚያም አልፎ ቅጣት ነገሩን ያብሳል። የሚፈራ ልጅ እንቅልፉ ይታወካል፤ የረጠበውን ልብስ ይደብቃል፤ በርጥቡ ላይ ተኝቶ ያነጋል፤ ቆዳው ይቆስላል፤ በብርዱም ይጎዳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ኤፌሶንና ወደ ቈላስይስ ሰዎች በላካቸው መልእክታት አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡና ልባቸው እንዳይዝል አስጠንቅቋል። ሕፃን ባላወቀው ነገር በየማለዳው ሲገረፍ ልቡ የሚዝል ካልሆነ፣ ልብ የሚዝለው በምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት አንድ ንግግር ነው። እናት ወይም አባት ልጁን ለብቻው ጠርተው፣ በቀን፣ በተረጋጋ ሰዓት እንዲህ ይበሉት፦ «ልጄ፣ ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም። በብዙ ልጆች ላይ ይደርሳል፤ ያልፋልም። እስኪያልፍ ድረስ አብረን እንሠራለን።» ለታላላቆቹም፦ «በዚህ ቤት ማንም በዚህ ነገር አይስቅም» ብለው ይቍረጡላቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውሃም አይፈጅም።

ሥራው የሚጀምረው በቀን ነው

ብዙ ወላጅ ልጁ ሌሊት እንዳይሸና ቀኑን ሙሉ ውሃ ይከለክለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ውሃ ያልጠጣ ልጅ ሽንቱ ይወፍራል፤ የወፈረ ሽንት ፊኛውን ያስቈጣዋል፤ ፊኛውም ትንሽ ብቻ መያዝን ይለምዳል። ዋናው ነገር መጠኑ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ልጁ በቀን አምስት ጣሳ የሚጠጣ ቢሆን፣ አራቱን ከጠዋት እስከ አመሻሽ፣ አንዱን ብቻ ማታ እንዲጠጣ ማድረግ ይበቃል። ለመተኛት ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው መጠጡ ይቈም።

የእኛ አገር ልጆች ኑሮ ግን ይህን ይገለብጠዋል። በግ የሚጠብቅ ልጅ ጠዋት ቆሎውን በኪሱ ይዞ ወደ መስክ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይቀምስም፤ ማታ በጎቹን አስገብቶ ሲገባ ጥማቱን በአንድ ጊዜ ይወጣል። ተማሪውም እንዲሁ ነው፤ በትምህርት ቤቱ የሚጠጣ ውሃ ወይም የሚገባበት መጸዳጃ ቤት ባለመኖሩ ከመጠጣት ይቈጠባል፣ ሽንቱንም ይዞ ይውላል። ለእረኛው ልጅ ከቆሎው ጋር በኮዳ ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ መስጠት፣ ለተማሪው ደግሞ ከቤት ሳይወጣና ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ ማጠጣት ያስፈልጋል። መምህራንም ልጅ ለሽንት ሲጠይቅ እንዲፈቅዱ፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤትም እንዳይቈለፍ ማሳሰብ የሰበካ ጉባኤያችንም ሥራ ሊሆን ይችላል። በቀን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ሽንቱን የሚሸና ልጅ ፊኛው መልካም ልማድ ይለምዳል።

የጾምን ነገር ደግሞ ለንስሐ አባቶች እናቀርባለን። ልጆቻችን በሰባት ዓመት ገደማ ጾም መልመድ ሲጀምሩ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ይቈያሉ። የጾሙ ሰዓት እንደ ተፈታ ውሃ ከጠጡ፣ እስከ መኝታ በቂ ጊዜ አለ። ችግሩ ውሃውን ረስተው እስከ እራት ሲያቈዩት ነው። ስለዚህ «ልጁ ሲፈታ መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ» የምትል አንዲት የንስሐ አባት ምክር ለብዙ ቤት መፍትሔ ትሆናለች። ልጁ ደካማ ወይም ሕመምተኛ ከሆነ ግን የጾሙን ሰዓት በርኅራኄ መወሰን የአባቶች ሥልጣን ነው።

ከሚጠጡት ነገሮች መካከል ቡናና ሻይ ሽንትን ያነሣሣሉ፤ በብርድ ምክንያት ማታ ለሕፃን የሚሰጠው ሻይ ቢቀር ይመረጣል። ጠላም፣ «ለልጅ ቀላል ነው» ተብሎ የሚሰጠው ቅራሪም፣ ሽንትን ከማብዛቱ ሌላ እንቅልፍን ያከብዳል፤ ለሕፃን በማንኛውም ሰዓት አይገባም። ጨውና በርበሬ የበዛበት እራትም ጥማትን ስለሚያመጣ ለልጁ ለዘብ ያለውን ማቅረብ ይበጃል።

ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ሌላው ምክንያት የሆድ ድርቀት ነው። አንጀት በደረቀ ዐይነ ምድር ሲሞላ ከፊቱ ያለውን የሽንት ፊኛ ይጫነዋል፤ ፊኛውም ቦታ ያጣል። በሁለት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣና ሲወጣም የሚያመው ልጅ ካለ፣ ሽንቱ ከመስተካከሉ በፊት ሆዱ መስተካከል አለበት። ለዚህም የደጋው ማዕድ ራሱ መድኃኒት ይዟል፦ የገብስ እንጀራ፣ በሶ በበቂ ውሃ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ የተልባ ውሃ በቀን። ከምግብ በኋላ ልጁ ሳይቸኵል እንዲቀመጥ ጊዜ መስጠትም ይረዳል። ሆድ ሲለሰልስ የሌሊቱ ሽንት ያለ ሌላ ሕክምና የቆመላቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

የመኝታ ሰዓትና የሌሊቱ ጨለማ

ልጁ ከእራት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ሊተኛ ሲል ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሽንቱን ይሽና። ሁለተኛው ጊዜ የሚዘለል ነው፤ ልጁ እሳት ዳር እንቅልፍ ይወስደውና ተሸክመን እናስተኛዋለን። ከዚያ በፊት መቀስቀስ ይሻላል።

በአገራችን ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ከቤት መውጣት ነው። መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮ በኩል ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጅብ ይጮኻል፤ የጎረቤት ውሻ ይፈታል። የነቃ ልጅ እንኳ ይህን ሁሉ አስቦ «ትንሽ ልቈይ» ይላል፤ ሲቈይም እንቅልፍ መልሶ ይወስደዋል፤ ከዚያም ያመልጠዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ፈሪም አይባልም፤ አዋቂውም ቢሆን በዚያ ሰዓት ለመውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ ከመኝታው አጠገብ ክዳን ያለው ፖፖ ወይም አሮጌ ባልዲ ይቀመጥለት፤ ጠዋት ወደ መጸዳጃ ቤት ይደፋና በውሃና በአመድ ወይም በሳሙና ይታጠብ። ትንሽ የፀሐይ መብራት ወይም የእጅ ባትሪ በእጁ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ኩራዝ ግን በሣርና በጭድ አጠገብ አደጋ ነው። «ብትነሣ ቀስቅሰኝ፣ አብሬህ እነሣለሁ» የሚል የእናት ወይም የታላቅ ወንድም ቃልም ከመብራት ይበልጣል።

ሌሊት ልጁን አንሥቶ ማሸናት ብዙ ቤት የሚደረግ ነው። የዚያን ሌሊት መኝታ ያደርቃል፤ ልጁን ግን ራሱ እንዲነቃ አያስተምረውም። የሚደረግ ከሆነ በሚገባ ነቅቶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ምን እንደሚያደርግ እያወቀ ይሁን። እንቅልፍ ላይ ሳለ ተሸክሞ ማሸናት፣ ተኝቶ መሽናትን ማስለመድ ነው።

ስለ መኝታው ደግሞ፣ ከሁሉ በታች፣ ከፍራሹ ወይም ከመደቡ ላይ፣ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ በላዩ ላይ በቀላሉ የሚታጠብ አሮጌ ጨርቅ ይደረብ። ዝተቱና ባናው ከላይ ብቻ ይሁኑ፤ ሱፍ ውሃ ጠጥቶ በደጋው ጭጋግ ቶሎ አይደርቅምና፣ እናትን የሚያደክማት እርሱ ነው። በዚህ አኳኋን ጠዋት የሚታጠበው አንዲት ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ልጁ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ዝተት የሚያድር ከሆነ ለብቻው ትንሽ መኝታ ይዘጋጅለት፤ ግን እንደ ቅጣት በሩቅ ጥግ ሳይሆን፣ በእናቱ አጠገብ። ጠዋት ገላውን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ደረቅ ልብስ ለብሶ ወደ ትምህርት ቤት ይሂድ፤ ሽታው በጓደኞቹ ዘንድ ስም እንዳያወጣለት የሚጠብቀው ይህ ነው። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ማውጣት ልጁ ከእናቱ ጋር የሚሠራው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በረድኤት እንጂ በውርደት አይሁን።

ሌሊቶችን በበዓላት መቍጠር

መሻሻል መኖሩን ለማወቅ መቍጠር ያስፈልጋል። እናቶቻችን የወሩን ቀን በቍጥር ሳይሆን በቅዱሳን ስም ያውቁታል፤ ይህ መልካም መዝገብ ነው። ከሚካኤል ማታ ጀምሮ እስከ መድኃኔ ዓለም ጠዋት 15 ሌሊት ነው። ለእያንዳንዱ ደረቅ ሌሊት አንድ ባቄላ በአንድ ጣሳ፣ ለእያንዳንዱ ርጥብ ሌሊት አንድ ባቄላ በሌላ ጣሳ ይጨመር። ልጁ ራሱ ቢጨምር ደስ ይለዋል። በሚቀጥለው ወር ከሚካኤል እስከ መድኃኔ ዓለም እንደ ገና ተቈጥሮ ይነጻጸር። ከ15 ሌሊት 12ቱ ርጥብ የነበረ ልጅ ወደ 9 ከወረደ፣ እናቱ «አሁንም ይሸናል» ብትልም፣ በእውነት እየተሻለው ነው። ይህ ቍጥር ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ቢያስፈልግም ለባለሙያው ትልቅ እርዳታ ነው።

ምስጋናና ሽልማት የሚሰጠው ልጁ በፈቃዱ ለሠራው ሥራ ይሁን፦ ውሃውን በቀን ስለ ጠጣ፣ ሳይታዘዝ ሊተኛ ሲል ስለ ሸና፣ ጨርቁን ስላወጣ። ደረቅ ማደሩ በእጁ አይደለምና፣ ሽልማቱ በዚያ ላይ ከታሰረ ያልደረቀበት ቀን ሁሉ ቅጣት ይሆንበታል።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ምንም ሕክምና ባይደረግ እንኳ፣ ከመቶ ልጆች 15 ያህሉ በየዓመቱ ራሱ ይተዋቸዋል። በውጭው ዓለም ሞውረር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በ1938 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መኝታው ሲረጥብ የሚደውል መሣሪያ በጥናት አቅርበዋል፤ ያ ሥርዓት እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚበልጥ ዘላቂ ውጤት ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው። ዴስሞፕሬሲን የተባለ የሌሊቱን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒትም አለ፤ ነገር ግን በዚያ መድኃኒት ላይ ማታ ብዙ ውሃ መጠጣት አደገኛ ስለ ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ለሌላ ሰው የታዘዘ ክኒን ለሕፃን መስጠትም ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ጤና ባለሙያ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ሌላ ምልክት ከሌለው፣ በትዕግሥት ይጠበቅ። ሰባት ዓመት ሞልቶት ያልተወው ልጅ ግን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገር፤ እርሷም ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ከዚህ ውጭ በማንኛውም ዕድሜ ሳይዘገዩ መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች አሉ፦ ሲሸና ማቃጠል ወይም ማመም፤ ትኵሳት፤ በሽንት ውስጥ ደም፤ በቀንም ሽንት መንጠባጠብ ወይም ቀጭንና የሚቈራረጥ መሆን፤ የእግር መድከም፤ በእንቅልፍ ላይ በኀይል ማንኰራፋት። ከሁሉ በላይ የማይጠፋ ጥማት፣ ሽንት መብዛትና ልጁ እየበላ መክሳት የስኳር ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በልጅ ላይ በቀናት ውስጥ ለሞት ያደርሳልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ ካደረ በኋላ እንደ ገና የጀመረው ልጅ ደግሞ ልዩ ጥያቄ ይጠየቅለት። ሕመም ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ በልቡ የገባ ነገር አለ፦ የእናት ወይም የአባት ሞት፣ የወላጆች መለያየት፣ የታናሽ መወለድ፣ ከቤት ርቆ መሄድ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሰሜን ሸዋ በደረሰ ጊዜ የተኵስ ድምፅ የሰሙ፣ ከቤታቸው የወጡ ልጆች ነበሩ። ፍርሃትን በቃል መናገር የማይችል ሕፃን በአካሉ ይናገራል። እንዲህ ላለው ልጅ ከመድኃኒቱ በፊት የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚያድር ሰው፣ የታወቀ የመኝታ ሰዓትና የማታ ጸሎት፣ የሚሰማው ጆሮ ነው። በሰው እጅ ክፉ ነገር የደረሰበት ልጅም እንዲህ ሊጀምረው ይችላል። ስለዚህ በድንገት የጀመረውን ልጅ ሳናስፈራራ፣ ለብቻው፣ «ያስፈራህ ነገር አለ ወይ?» ብለን እንጠይቀው፤ የሚነግረንንም እንመነው።

የየኔታና የንስሐ አባት ድርሻ

የአብነት መምህራኖቻችን ለልጆቹ በአባት ቦታ የቆሙ ናቸው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የኔታ ለብቻው ጠርተው «ሌሊት የሚያስቸግርህ ነገር ቢኖር ለእኔ ንገረኝ» ቢሉት፣ ያ ልጅ ከትምህርቱ አይሸሽም። ከበሩ አጠገብ ቢያስተኙት፣ ማታ ከትልልቆቹ አንዱ አብሮት እንዲወጣ ቢያዝዙ፣ «ሽንታም» የሚለው ስድብ በጉባኤው እንዳይሰማ ቢከለክሉ፣ ከነገ ካህናት አንዱን አተረፉ ማለት ነው።

የንስሐ አባት ደግሞ ሌላው ሰው የማይገባበት ቤት ይገባል። እናት፦ «አባቴ፣ ይህ ልጅ መኝታውን እያበላሸ ሊገድለኝ ነው፤ ይገሥጹልኝ» ብላ ልጁን ስታቀርብ፣ ከአባት አፍ የሚወጣው ቃል የቤቱን ልማድ ይለውጣል። ተግሣጹን በቡራኬ ቢለውጡትና እናቲቱን «ልጅሽ አልበደለም፤ ጊዜ ያስፈልገዋል» ቢሏት፣ በዚያ ቤት ዱላው ይቀመጣል። ጸሎቱና ጠበሉ አይቀርም፤ የጤና ጣቢያውም መንገድ አይቀርም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበር የምናስተምር እኛ፣ ሁለቱን የምናጣላበት ምክንያት የለንም።

ስለዚህ ከዚህ ስንለያይ እያንዳንዳችን የምንይዘው ሥራ ቀላል ነው። ወላጅ ዱላውን ያስቀምጥ፣ ውሃውን ወደ ቀን ያዙረው፣ ፖፖና መብራት ያዘጋጅ፣ ከሚካኤል እስከ መድኃኔ ዓለም ይቍጠር። የኔታ ልጁን ይሸሽግ። የንስሐ አባት ቤቱን ያረጋጋ። የሰበካ ጉባኤው የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ክፍት መሆኑን ይመልከት። እኛም በውሃና በንጽሕና ሥራችን በሄድንበት መንደር ሁሉ ይህን ከእናቶች ጋር በግልጽ እንነጋገራለን።

አምላከ ቅዱሳን ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን፤ ሌሊታቸውን የሰላም ያድርግላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።